ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተመረጥሁ ለት

አይ፣ ቆይ! አንተ ቡሬ መናኸሪያ ቆመህ «ያ ባለጋሪ አጭበርብሮ ነው የተመረጠ» እያልህ የምታወራው፣ እስቲ ና ፊት ለፊት እንነጋገር። ምን አጭበረበርሁ? ራሴን በራሴ ጠቆምሁ፤ እሱ እውነት ነው። ታዲያ ሌላ ማን ይጠቁመኝ? ፈረሴ እጅ የለው! አንቺ ደግሞ፣ «አራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው የትምህርት ቤት ሊቀመንበር ይሆናል ወይ?» ያልሽው፣ አራተኛ ክፍልን እንደኔ የሚያውቃት ሰው በጎጃም የለም። እየደጋገምሁ ነው የተማርኋት። ሌላው ሰው አንዴ አይቷት አለፈ፤ እኔ ከሷ ጋር ኖሬያለሁ። እናንተ ያላመናችሁትን ነገር ፍኖተ ሰላም ድረስ ሰው እየሳቀ አውርቶታል። ስለዚህ ዝም በሉና ስሙኝ።

የኛ ትምህርት ቤት ከቡሬ ወጣ ብሎ በበቆሎው መሃል ነው ያለ። ተዘግቶ ከርሞ፣ ተዘግቶ ባጅቶ፣ ሊከፈት ነው ተባለና ሂደን ብናይ ግድግዳው አለ፣ ቆርቆሮው አለ፣ ጥቁር ሰሌዳው አለ፤ ዴስክ የለም። አንድም! ሌባ ወሰደው እንዳትሉ። ሌባ ቢሆንማ በቀለለን። ዘበኛው ጥሎት የሄደ ጊዜ የመንደሩ ሰው «ማገዶ ሁኖ ከሚቀር» ብሎ በየቤቱ ለአደራ ያስገባው ነው። አደራ ደግሞ ሲቆይ ቤት ይለምዳል። አንዱ ቤት ዶሮ ሰፈረበት፣ አንዱ ቤት እንስራ ተቀመጠበት፣ ጠላ ቤት ገብቶ ሰካራም ሲሸከም የከረመም አለ። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ጎረቤትህን «ዴስኩን መልስ» ማለት «ሌባ» ማለት ነዋ! መላሹስ ቢሆን፣ ዴስክ ተሸክሞ በመንደር መሃል ሲያልፍ ስንት ዐይን ያየዋል? ስለዚህ ዴስኩም እቤቱ፣ ምላሳችንም እቤቱ ተቀመጠ።

ለኔ ግን ነገሩ እሳት ነበር። እህቴ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሚኒስትሪ ልትፈተን። አባታችን ካረፈ ወዲህ ለትምህርት ቤቱ የሷ ወላጅ እኔ ነኝ። ትምህርቱ ቆመ እንጅ እሷ መች ቆመች፣ አደገችና ሽማግሌ ይመጣባት ጀመር። እናቴ «ትምህርቱ ይከፈትና እሱን ትጨርስ» ብላ መለሰቻቸው። ኋላ ርእሰ መምህሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ትንንሾቹ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ፈተና ያለበት ስምንተኛ ክፍል ግን መጻፊያ ካላገኘ ዘንድሮ አልከፍትም፤ ለከርሞ ይሁን።»

ለከርሞ! ሽማግሌ ለከርሞ የሚጠብቅ ይመስላችኋል? እናቴም ብትሆን ደግማ የምትመልስበት አፍ አልነበራት። የዚያን ቀን እህቴ ፈረሴን ውሃ እያጠጣች ቀና ብላ አየችኝና «አንተ፣ በአፍህ አገር ታስቃለህ። እስቲ በዚህ አፍህ አንድ ዴስክ አምጣልኝ» አለችኝ። እኔ መሰደብ ለምጃለሁ፤ ይህችኛዋ ግን አጥንቴ ገባች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጅ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ፤ የወላጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሊመረጥ። ስለ ዴስኩ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው ሊቀመንበሩ ነው። ሌላ ሰው ቢጠይቅ ነገረኛ ይባላል።

መጀመሪያ የእህል ነጋዴው ተጠቆሙ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ የተከበሩ፤ እሳቸው ሲያስነጥሱ ያገሩ ሰው ሁሉ «ይማርዎ» ይላል። እንደ ደንቡ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና «ኧረ እኔ ይቅርብኝ ልጆቼ፤ አርጅቻለሁ፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉ። ባገራችን ይህ «እሺ» ማለት ነው። ሕዝቡ «ኧረ በእግዜር!» ሊል አፉን ሲከፍት እኔ ቀደምሁ።

«እንግዲህ ጋሼ ይቅርብኝ ካሉ ምን እናደርጋለን፣ ይቅርባቸዋ! እኔ አለሁ።»

ሳቁን ብትሰሙት! ርእሰ መምህሩ ራሱ ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ።

«ማን ጠቆመህ?» አለኝ።

«እኔ።»

«ማን ደገፈህ?»

«እሱም እኔ። ሰው ላስቸግር?»

«ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ፤ የምን ወላጅ ነህ?» አለች ጠላ ሻጭዋ።

«እትዬ፣ እናንተ ሁለት ሁናችሁ ነው የምታሳድጉ። እኔ ብቻዬን አሳድጌ ከናንተ አልበልጥም?»

የነጋዴው ፊት በርበሬ መሰለ። «ይወዳደር! እኔም አልቀረሁም» አሉ።

መቼም የኛን አመራረጥ ታውቃላችሁ። ተጠቋሚ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ ሕዝብ አዙሮ ይቆማል፤ ከኋላ እጅ ይወጣል። ማን ለማን እንዳወጣ አያይም፤ ቂም እንዳይያዝ ነው። እኔና ነጋዴው ጎን ለጎን ተገተርን። እሳቸው ከበዳቸው። እኔ ግን ያን ግድግዳ አውቀዋለሁ፤ ተማሪ ሳለሁ በቅጣት ብዙ ቆሜበታለሁ።

«አንተ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ብትመረጥ ምን ልትሠራ ነው?»

«ዴስኩን ላስመልስ።»

«ከማን?»

«ካለበት።»

«ያለበት ሰው ሁሉ አሁን ከጀርባህ ነው የተቀመጠ። እጅ የሚያወጣልህም እሱ ነው። ስም እየጠራህ ልታዋርደው ነው?»

እዚህች ላይ ረቱኝ። እኔ! ከባጃጅ ነጂ ጋር ተሳድቤ ተሸንፌ የማላውቀው! ዐይኔን ግድግዳው ላይ ተክዬ ቀረሁ። ከኋላዬ ይንሾካሾካሉ፣ ይስቃሉ፣ እጅ ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ፤ አንዱንም አላይም። ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ ሁሉንም ሰላም እላለሁ፤ ያላየሁትን ማንን እቀየማለሁ? ያን ጊዜ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ።

«ዙሩ!» አለ ርእሰ መምህሩ። አሸነፍሁ። በጥቂት እጅ ነው፣ አልዋሽም። ግማሹ ሰው ለሳቅ ነው እጁን ያወጣ። ለሳቅ የወጣ እጅም ይቆጠራል!

ተናገር ሲሉኝ ደረቴን ነፋሁና እንዲህ አልሁ፦ «ወገኖቼ፣ እናንተ እኔን አስዙራችሁ መረጣችሁኝ፤ እኔም ዙሬ እቀበላችኋለሁ። ቅዳሜ ጧት ጋሪዬን ዋርካው ስር አቆማለሁ። ፊቴን ወደ ወንዙ አዙሬ እቆማለሁ። የሚጫን ያለው ሰው ይጫን። አላይም፣ አልጠይቅም። በዚያ የሚያልፍ መንገደኛም ፊቱን አዙሮ ይለፍ።»

«አንተ ብትዞርስ?» አለ አንዱ።

«ከዞርሁ ፈረሴን ውሰዱት።»

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ፈረሴ የቤታችን እንጀራ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

«ፈረሱስ አያይም?» አለች ጠላ ሻጭዋ።

«እትዬ፣ የሱ ዐይን በቆዳ የተከለለ ነው። ደግሞ ከኔ የተሻለ ምስጢር ይጠብቃል።»

ቅዳሜ ደረሰ። ፊቴን ወደ ወንዙ አዙሬ ቆምሁ። ጤዛው ረገፈ፣ ፀሐይ ወጣች፤ ማንም የለም። አንድ ባጃጅ ነጂ ከመንገድ ዳር «ሊቀመንበር! ከማን ጋር ተኳርፈህ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። «ካንተ ጋር! ገበያዬን ወስደህብኝ!» አልሁት። እህቴ መጣችና ከጎኔ እንደኔው ዙራ ቆመች። አልሳቀችም።

«ካልመጡስ?»

«ይመጣሉ» አልኋት። አፌ ነው እንዲያ ያለ፤ ጆሮዬማ ከኋላ ኮቴ ይፈልጋል።

ድንገት ከኋላችን «ዷ!» አለ። ጋሪው ተንጫጫ፣ ፈረሱ ጆሮውን ቀሰረ። የዶሮ ኩስ ሸተተኝ። ዐይን ይዞራል፤ አፍንጫን ወዴት ላዙረው? ቀጥሎ ሳል መጣ። ያችን ሳል በሺህ ሰው መሃል ብሰማ አውቃታለሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ ፊቴን ሳላዞር፣ «ማን እንደሆኑ አላውቅም። ሳሉን ግን ጤና ጣቢያ ይታዩት።»

ከኋላዬ ሳቅ ፈነዳ፤ ለካ ብዙ ሰው ከቁጥቋጦው ጀርባ ቁሞ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ኖሯል። ሳቁ ፍርሃቱን ይዞት ሄደ። ዷ፣ ዷ፣ ዷ! አንደኛው ዴስክ ጌሾ ጌሾ ይላል። «ይህን አንቺ አትቀመጭበትም፤ ሰክረሽ ፈተና ትወድቂያለሽ» አልኋት እህቴን፤ ያን ጊዜ ሳቀች። መንገደኛው ፊቱን አዙሮ ሲያልፍ እርስ በርሱ እየተጋጨ ይቅርታ ይባባላል። ትምህርት ቤቱ በወንዙ በኩል ስለሆነ ጋሪው በሞላ ቁጥር ወደፊት ብቻ እያየሁ እነዳለሁ፤ ስመለስ ጋቢዬን ከነፊቴ እከናነብና እህቴ መሬት መሬቱን እያየች ፈረሱን ትስብልኛለች።

ቀትር ላይ ቀጥ አለ። ርእሰ መምህሩ መጣና «ጥሩ ነው፣ በርቱ፤ ግን ስምንተኛ ክፍል ገና አልሞላም» አለ። የቀረው የት እንዳለ ያገሩ ሰው ያውቃል፤ ነጋዴው መጋዘን ውስጥ፣ ከበቆሎው ጆንያ ስር። እሳቸው ደግሞ እኔ በሕዝብ ፊት መሳቂያ ያደረግኋቸው ሰው ናቸው። እህቴ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«ዙር!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

«አልዞርም ጋሼ። ፈረሴን አጣለሁ።»

«ዙር እልሃለሁ! እኔ ከጀርባ የምሰጥ ሌባ ነኝ?»

ዞርሁ። ነጋዴው ራሳቸው የዴስኩን አንድ ጫፍ ይዘው፣ ላብ በላብ ሁነው ቁመዋል። ከኋላቸው ጆንያ ተሸካሚዎቻቸው ሁሉ ዴስክ በትከሻቸው ላይ።

«እህሉን እርጥበት እንዳያገኘው ከስሩ ደርድሬው ነበር» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ተመርጬ በክብር ልመልሰው ነበር ያሰብሁ። አንተ ቀደምኸኝ።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ይቅርብኝ አሉ?»

«ደንብ ነዋ፣ አንተ ባለጌ! ጨዋ ሰው ተለምኖ ነው የሚሾም! አንተ ግን በመጀመሪያዋ ይቅርብኝ ያዝኸኝ!»

አንዱ ከቁጥቋጦው «ዙሯል! ፈረሱን እንውሰድ!» ብሎ ጮኸ። ነጋዴው «ያዞርሁት እኔ ነኝ። ፈረስ የፈለገ ከኔ ይጠይቅ» አሉ። ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል?

«ጋሼ» አልሁ፣ «በሉ ምክትል ይሁኑኝ። ይቅርብኝ ይላሉ?»

«አልልም! ሁለተኛ ባንተ ፊት ይቅርብኝ አልልም!»

ሰኞ ስምንተኛ ክፍል ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ እናቴ «ትምህርት ላይ ናት፤ ትጨርስ ብያለሁ» አለቻቸው። እኔ በመስኮት አጮልቄ አየኋት። የዶሮ ጥፍር የቧጨረው ዴስክ ላይ ተቀምጣ አጎንብሳ ትጽፋለች። ፈተናውን እንደምታልፍ እኔ አውቃለሁ፤ አራተኛ ክፍልን ያስጠናኋት እኔ ነኝ!

ካላመናችሁ ሂዱ፣ የነበረ ሰው ጠይቁ። ከዋርካው እስከ ቡሬ ያገኛችሁትን ሁሉ ጠይቁ፤ «ነበርሁ፣ በዐይኔ አይቻለሁ» የማይላችሁ የለም። «ከጋሪው በየት በኩል ቁመህ?» ብላችሁ ብቻ እንዳትጠይቁት።