ለጠባቂዬ የጻፍኩት ሪፈር

ከጤና ጣቢያው ነጭ ጋዋኔን እንደለበስኩ ነው የወሰዱኝ። ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ አንስቼ ነበር፤ በዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልግም። አንድ ወጣት ፖሊስ ትከሻዬን ገፍቶ እስር ክፍል አስገባኝና በሩ ተዘጋ።

ክፍሉ ቀድሞ የበርበሬ መጋዘን ነበር። ቡታጅራ ውስጥ እንዲህ ያለው ብዙ ነው። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ ቀዩን ብናኝ ያንሳፍፈዋል። ዝም ብዬ ሳየው ክፍሉ ራሱ በቀስታ ወደ ላይ የሚሄድ ይመስለኛል፤ ቀኑ ይጠፋብኛል። አብራኝ የታሰረችው የመስቃን ነጋዴ አስነጥሳ «አልሃምዱሊላህ» ስትል ነው ወደ ምድር የምመለሰው።

ያ ፖሊስ ስም ሊጠራ ሲመጣ ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ ያስጠጋል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ በጡጫው ያሸዋል።

«አትሸው» አልኩት አንድ ቀን፣ ሳላስበው።

«አንቺ፣ ዝም በይ!»

ከሰዓት በኋላ ብቻውን ተመለሰ። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ለምንድነው የማላሸው?»

«የዓይን ነርስ ነኝ። ወደ ብርሃኑ ና። ወደ ታች ተመልከት።»

የታችኛው የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ተገፍቶ ሾጠጥ አለ። ደነገጥኩ።

«የዓይንህ የፊተኛው መስታወት ሳስቶ ወደ ፊት እየሾለ ነው። መነጽር ቢቀያየርልህም አልሻል አለህ፣ አይደል?»

«ሦስቴ ቀየርኩ። ጨረቃ አራት አምስት ሆና ነው የምትታየኝ። ልታወር ነው?»

«ካሸኸውና ሳትታከም ከተውከው ይብስብሃል። አዲስ አበባ ሕክምናው ተጀምሯል ሲሉ ሰምቻለሁ። ቢጫ የቫይታሚን ጠብታ እያንጠባጠቡ፣ ሐምራዊ ብርሃን ያበሩበታል። የመስታወቱ የሳሳ ክር እርስ በርሱ ይያያዝና ይጠነክራል። የጠፋውን አይመልስም፤ የቀረው እንዳይሄድ ግን ይይዘዋል።»

«አለቆቼ ዓይኔ መታመሙን ከሰሙ ያባርሩኛል። እዚያ የሚልከኝ ወረቀት ጻፊልኝ። በምትኩ ለቤትሽ መልእክት አደርስልሻለሁ» አለ።

የልጄን ድምፅ ከሰማሁ ሁለት ሳምንት አልፎኛል። ነጋዴዋ በክርኗ ጎነጠችኝ። «እሺ በይው እንጂ! ወላሂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«መልእክቱን ብታደርስልኝ ደስ ይለኛል» አልኩት። «ሪፈሩን ግን በምትክ አልጽፍም። ባታደርስም እጽፍልሃለሁ። እስክሪብቶ ስጠኝ።»

በሲጋራ ፓኮ ካርቶን ላይ የጠረጠርኩትን ጻፍኩ፤ በአስቸኳይ እንዲታይ ብዬም ጨመርኩ። ከታች ሙሉ ስሜንና ሙያዬን አስፍሬ ፈረምኩ። የእስረኛ ፊርማ ኪሱ ውስጥ ቢገኝ ምን እንደሚከተለው ሁለታችንም እናውቃለን። አጣጥፎ ኮፍያው ውስጥ ከተተው።

«እሺ፣ ሲስተር» አለ።

መልእክቱ መድረሱን ያወቅኩት ከተፈታሁ በኋላ ነው።

ከዓመታት በኋላ ወልቂጤ መናኸሪያ ሲቪል የለበሰ ሰው አስቆመኝ። በድምፁ ለየሁት። ቀኝ ዓይኑ በጊዜ ታክሟል። ለግራው ዘግይቶ ነበር፤ በእሱ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው።

«አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ማን ላከህ ሲሉኝ፣ ሐኪሜ አልኳቸው» አለኝ።

ይቅር ብዬው እንደሆነ ሰዎች ይጠይቁኛል። አላውቅም። ያን ቀን ግን ዓይኑ በየዓመቱ መታየት እንዳለበት ነግሬው ሚኒባሱ ላይ ወጣሁ።