የዮሳኩ ጋን

ኢንቤ በምትባለው የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ሰው ቤት ሻይ ከጠጣችሁ፣ ስትጨርሱ ሲኒውን ገልብጣችሁ ቂጡን ታያላችሁ። ነውር አይደለም፤ አለማየቱ ነው ነውሩ! ድሮ ሸክላ ሠሪዎቹ ለአምስት ለስድስት ቤተሰብ አንድ ትልቅ ምድጃ ነበር የሚያነዱት፤ የማን ሥራ የማን እንደሆነ እንዳይምታታ ሁሉም ቂጡ ላይ የየራሱን ምልክት ይጭራል። ስለዚህ የዚህ ከተማ ሰው ዓይኑ ቂጥ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ማየት አያውቅም።

ቶሞኤ የከተማው ትንሽዬ ሙዚየም ጽዳት ናት። ስልሳ ሞልቷታል፤ አጭር ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። አባቷ ዮሳኩ ሸክላ ሠሪ ነበር። እሷ ዘጠኝ ዓመቷ እያለ፣ ዮሳኩ ሳንባውን ታሞ በተኛበት፣ ምድጃው ተከፈተና ከውስጡ አንድ የሱ ጋን ወጣ። ምን ልበላችሁ፣ የማገዶው አመድ በእሳቱ ቀልጦ በጋኑ ትከሻ ላይ እንደ ማር የወረደበት! በማግስቱ ቶሞኤ በአጥር ቀዳዳ ስታይ የጎረቤታቸው የኩሩሺማ ልጅ፣ ያኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ ጋኑን በአፉ ደፍቶ ቂጡን በድንጋይ ይፈገፍጋል። ምልክቱን እያጠፋ ነዋ!

ጋኑ የጎረምሳው አባት ሥራ ተባለ። የቤቱም ስም በዚያ ጋን ገነነ። ዮሳኩ ክረምቱን ሳይጨርስ ሞተ። ለማን ትናገር? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማን ይሰማል?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጋኑ ሃምሳ ዓመት ኩሩሺማ ቤት ተቆልፎ ኖረ፤ ለአዲስ ዓመት ብቻ ለእንግዳ ከሩቅ ይታያል። አምና ግን ያ ጎረምሳ፣ ዛሬ መምህር ኩሩሺማ የሚባለው ሽማግሌ፣ ለሙዚየሙ ሰጠው። በዚያው ሳምንት ቶሞኤ ለጽዳት ሥራ ተመዘገበች። ገና በመጀመሪያው ቀን አቧራ ስትጠርግ እጇን በጋኑ አንገት ውስጥ ሰደደች። አለ! ሁለት ጭረት፣ አንድ ነጥብ። የአባቷ ምልክት ከሌላ ሰው ምልክት ጋር ስለሚመሳሰልበት፣ እሱ አንገቱ ውስጥም ደግሞ ይጭር ነበር። ይህን ከቤተሰቡ በቀር ማንም አያውቅም። እጇን አወጣች፣ አፏን ሸፈነች፣ ሥራዋን ቀጠለች። ሰው እስኪሞላ ጠበቀች።

ሰው የሞላው የዛፉ ቅጠል ሲቀላ፣ ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት ነው። ከኦካያማ ከተማ አንድ አውቶቡስ ጎብኚ መጣ፣ የሰፈሩም ሰው ተደባለቀ፣ መምህር ኩሩሺማ ራሱ ሊያስረዳ ቆመ።

«አባቴ ይህን ጋን ሲሠራ…» እያለ ሲያወራ ቶሞኤ አንድ ጋን አቅፋ ገባች። ከቤቷ ነው ያመጣችው፤ ፍጅል በጨውና በሩዝ ፉርሽካ የምታቦካበት። ሽታው ቀድሟት ገባ።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት? ገበያ መሰለዎት እንዴ?» አለ የሙዚየሙ ኃላፊ ኖዛኪ፣ አፍንጫውን ይዞ።

«ለእንግዶቹ ነው ልጄ። መምህር ፈቃድዎ ከሆነ፣ አንድ ነገር ላሳያቸው።»

ኩሩሺማ በሰው ፊት ምን ይበል? ፈገግ አለ። ቶሞኤ አንዲት አሮጊት ጎብኚ ጠራች።

«እማማ፣ እጅዎን አንገቱ ውስጥ ያስገቡ። አይነክስም፣ ይሸታል እንጂ።»

አሮጊቷ እየሳቁ አስገቡ። «ጭረት አለው… ሁለት። አንድ ነጥብ።»

«ይህን የሠራው አባቴ ዮሳኩ ነው። አሁን ደግሞ እዚህኛው።» በጽዳት ቁልፏ የትልቁን ጋን የመስታወት ሳጥን ከፈተችላቸው።

አሮጊቷ እጃቸውን ትልቁ ጋን ውስጥ ሰደዱ። ሳቃቸው ቆመ።

«ያው ነው» አሉ። «ሁለት ጭረት፣ አንድ ነጥብ!»

የኢንቤ ሰው መቼም ልማዱ ነው፤ «ገልብጡት! ገልብጡት!» አለ። ገለበጡት። ቂጡ ልሙጥ ነው፣ ተፈግፍጓል።

«ኧረ ተው! የገዛ አባቱን ምልክት የሚፈገፍግ ማነው?» አለ አንዱ ጡረተኛ ሸክላ ሠሪ ከኋላ። ሰዉ ሁሉ ኩሩሺማን አየው።

ኩሩሺማ ወደ ቶሞኤ ጆሮ ጠጋ አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ልጅ ነበርኩ።»

«ልጅ እኔ ነበርኩ» አለች ጮክ ብላ። «ይቅርታህን ለአጥሩ ንገረው፤ እኔ ያኔ የቆምኩት እዚያ ነው።»

አያችሁ? ‹እርስዎ› ቀረ።

እዚያ ሙዚየም የተለጠፈው ጽሑፍ ሁሉ የኩሩሺማ የብሩሽ ጽሑፍ ነው፤ እጁ ያማረ ነው ተብሎ። ቶሞኤ ወረቀትና ቀለም አመጣች፣ ወለሉ ላይ ዘረጋች። «የዮሳኩ ሥራ ብለህ ጻፍ። አሁን። ሰው እያየ።»

ኩሩሺማ ኖዛኪን አየው፤ ኖዛኪ ጣሪያውን ያያል። ሽማግሌው ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ተንቋቋ፣ ተንበረከከ፣ ጻፈ።

ቶሞኤ ጎንበስ ብላ አየችው። «ተንጋደደ። አባቴ ጠማማ አልነበረም። እንደገና።»

ደግሞ ጻፈ።

«ቀጠነ። እንደገና።»

ውጪ የአውቶቡሱ ሹፌር ጥሩምባ ነፋ። ከጎብኚዎቹ አንድም የተነቃነቀ የለም። ቶሞኤ ስድስተኛውን ወረቀት እየሳቀች ዘረጋችለት፤ ዛሬ አፏን አልሸፈነችም።