ዙለይካ ከቶርኖው ፊት

ነገሌ ላይ መብራት ሲሄድ ሬዲዮውን የሚያጠፋ ሰው የለም። ሲመጣ በድምፁ እንዲታወቅ ክፍቱን ይተዉታል። ፀጉር አስተካካዩ ሙዚቃውን፣ ሻይ ቤቱ ቴሌቪዥኑን። የዙለይካ ባል ሳላሃዲን የተወው ቶርኖውን ነበር።

ሳላሃዲን ወላጆቹ ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥተው እዚሁ የወለዱት አናጢ ነው። የሶፋ እግርና የአልጋ ቋሚ እያሽከረከረ የሚያስቀርጸውን ያን ማሽን ከሻሸመኔ ሲያስመጣ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አይቶለታል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሳለ ማብሪያውን ሳይዘጋ፣ የቆመውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልስ ጀመር። መብራቱ መጣ። ማሽኑ ቀኝ እጁን በእንጨቱና በመሮ ማሳረፊያው መሀል ጎትቶ አስገባው። ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ፤ የተረፉትም መሮ መጨበጥ ተሳናቸው።

ዙለይካ ከጓዳ ሆና መጀመሪያ የሰማችው የባሏን ጩኸት አልነበረም። ማሽኑ ለአፍታ ጎርነን ብሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቀድሞ ድምፁ ሲመለስ ነው የሰማችው። ከዚያ ወዲህ ወፍጮ ቤት እንኳ ሞተር ሲነሣ እጆቿን ሻርፗ ውስጥ ትሸሽግ ነበር።

ከፊልቱ የመጣ ነጋዴ ማሽኑን ልግዛው ሲል ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ሳላሃዲን ግን ፊቱ ጠቆረ።

«እሱ ከሄደ እኔ ምን ቀረኝ? አንቺ ቁሚበት። እኔ በአፌ አስተምርሻለሁ።»

በዚያው ሰሞን ወተት የምታመጣላቸው ጠጂቱ ለልጇ ሰርግ ባለ አራት ቋሚ አልጋ አዝዛ ነበር። ባልና ሚስቱ በዚህ ተስማሙ፦ ዙለይካ ቋሚዎቹን ከቀረጸች ቶርኖው ይቀራል፤ ካቃታት ነጋዴው ይወስደዋል።

ከቦሬ የመጣውን የፈረንጅ ጥድ አስረው ማሽኑን አስነሡት።

«መሮውን አታንቂው። ጨቅላ እንደምትይዢ ያዢው» አላት ሳላሃዲን።

«ጨቅላ ጣት አይበላም።»

ጠጂቱ የወተት ዕቃዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። «አካም ዙለይካ! ናጋ? ይሄ እኮ እንደ ጎረምሳ ግመል ነው፤ ፊት ለፊት አይቆሙለትም። ከጎኑ ሁኚ!»

«ቋሚው ጠማማ ቢወጣብሽስ?» አለቻት ዙለይካ።

«ሙሽራው ብቻ ቀጥ ይበል!»

ሳላሃዲን እንዳልሰማ ሆኖ ፍቅፋቂ መጥረግ ያዘ። ዙለይካ ሳቀች። ማታ ማታ ግን ጣቶቿ ሁሉ ቦታቸው እንዳሉ በሌላኛው እጇ ትዳስሳለች።

እንዲህ እየፈራች ሦስቱን ጨረሰች። አራተኛው ላይ ሳለች መብራት ሄደ። እንጨቱ ዝግ እያለ ቆመ። አፏ ደርቆ ስለነበር መሮውን አስቀምጣ ውኃ ልትጠጣ ወደ ጓሮ ወጣች።

ስትመለስ ሳላሃዲን እንጨቱ ላይ ጎንበስ ብሎ የቀረጸችውን አንገት በጎደለ እጁ ይዳብሳል።

«ዙሌ፣ ይሄ እኮ ከእኔ ሥራ ይበልጣል።»

ዓይኗ ማብሪያው ላይ ወደቀ። አልተዘጋም። የረሳችው ራሷ ናት።

ልትጮህ ፈለገች፤ ደንግጦ እጁ ወደ ውስጥ ቢገባስ? ማብሪያው በክንዱ ሥር ነው፤ ሶኬቱ ግን ከእሱ ወዲያ ግድግዳው ላይ። በጀርባው በኩል ተንደርድራ አልፋ ነቀለችው። ሶኬቱ ገና እጇ ውስጥ እንዳለ የፀጉር አስተካካዩ ሙዚቃ ጀመረ።

ሳላሃዲን ሶኬቱን አየ፤ ማብሪያውን አየ፤ እሷን አየ። እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

«ነጋዴው መጥቶ ይውሰደው» አለ።

«ለእጅህ ፈርተህ ነው?»

«የእኔማ ምን ቀረው! ለአንቺ ነው እንጂ። እንደረሳሁት ረሳሽ።»

ዙለይካ ፍቅፋቂው ላይ ቁጭ አለች። እስከዚያች ሰዓት የምትፈራው ማሽኑን ነበር። አሁን የፈራችው የገዛ ራሷን ነው፤ ራስን ደግሞ የሚገዛ ነጋዴ የለም። ደግሞስ ማሽኑን የፊልቱ ሰው ቢወስደው፣ እዚያም መብራት ይሄዳል፤ እዚያም የሚረሳ ሰው አለ።

«ውጣ» አለችው። «አንተ እያየኸኝ አልችልም።»

መንገዱን ተሻግሮ ሱቅ ደጅ ቆመ። እሷ ማብሪያውን ዘጋች፤ በጣቷ ነክታ መዘጋቱን አረጋገጠች፤ ሶኬቱን ሰካች። እንባዋን በክንዷ እየጠረገች አራተኛውን ቋሚ ከጎኑ ቆማ ጨረሰችው። ማሽኑን ስታጠፋ ሳላሃዲን ባጃጅ ሊገጨው ለጥቂት ተርፎ በሩጫ ገባ። ድምፁ ለምን እንደቆመ ማወቅ አልቻለም ነበር። ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችው።

ነጋዴው ባዶ እጁን ተመለሰ። ዛሬ የዙለይካ ቋሚዎች ወደራ ከተማ ድረስ ይሄዳሉ። ሳላሃዲን ግን ቶርኖው ሲዞር እቤት መቀመጥ አልሆነለትም፤ እዚያው ማዶ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ማሽኑን ባጠፋች ቁጥር «አለሁ!» ብላ ትጮኻለች። አዲስ ደንበኛ «ማን ጠራሽ?» ይላታል።

አንዳንዴ ጉሮሮዋ በአቧራ ተይዞ ትዘገያለች። ያን ጊዜ እሱ ተነሥቶ መንገዱን አጋምሶታል።