ለዶሮ የበተንኩት ዘር

እርሻችን ከከሚሴ በባጃጅ ሩብ ሰዓት ተጉዘው፣ ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ ወረድ ሲሉ ይገኛል። አንድ ጥማድ በሬ በሁለት ቀን አርሶ የሚጨርሳት መሬት ናት። የፋብሪካ ማዳበሪያም ፀረ ተባይም ነክቷት አያውቅም። በበጋ አርብቶ አደሮች ከብት እየነዱ ወደ ጨፋ ሜዳ ሲመጡ፣ አባቴ ማሳው ላይ እንዲያሳድሩላቸው ይለምኗቸው ነበር። ከብቱ የአገዳውን ቅጠል ይበላል፣ እበቱን ትቶ ይሄዳል። “እኛማ ምን እንሠራለን፣ እንሸመግላለን እንጂ” ይሉ ነበር፤ በከብቱና በአፈሩ መካከል ማለታቸው ነው።

እኔ ትምህርት የገባሁት ልጆቼን ካሳደግሁ በኋላ ነው። ማንበብ ዘግይቶ የመጣለት ሰው ያነበበውን ሁሉ ያምናል። ስለ ዘር አመራረጥ የሚያወራ መጽሐፍ ተውሼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለዘር የሚሆን ፍሬ ሙሉ፣ ጤነኛና አንድ ዓይነት እንዲሆን ያዛል። ይህ ከጠባዬ ጋር ተስማማ፤ ምስር ስለቅም እንኳ ሁለት ጊዜ ካልለቀምኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አባቴ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህም የማሽላውን ዘር የሚመርጡት እሳቸው ነበሩ። አዝመራው ሳይቆረጥ በማሳው መሃል እየመራኋቸው፣ ራስ ራሱን በጣታቸው እየዳሰሱ “ይሄን፣ ይሄንንም” ይሉኛል። የተመረጠው ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ ይከርማል። ወቅቶ ማዘጋጀቱ ግን የእኔ ሥራ ሆነ።

በሚያዝያ፣ የተሰቀለውን አውርጄ ወቃሁ። ሰፌዱ ላይ ሳየው፣ ከሙሉው ፍሬ መሃል የተጨማደደ፣ ጎኑ የሰረጎደ አገኘሁ። በሽታ መሰለኝ። ሁለት ቀን ተቀምጬ አንድ በአንድ ለቀምኩና ለዶሮዎቹ በተንኩት። የቀረው እንደ ዶቃ እኩል ነበር። ማንንም አልጠየቅሁም። እንዲያውም ኮራሁ።

ዘራን፣ አረምን፣ በማሽላው መሃል በሬ አስገብተን ሸለሸልን። ዝናቡም አልበደለንም። መስከረም ሲጋመስ አባቴ ደጅ ጥላ ሥር እንደተቀመጡ፣

“ወተት በጉንጬ ወተት ቋጠረ?” አሉኝ።

ወተት በጉንጬ በእሸቱ ተጠብሶ የሚበላ ማሽላ ነው። ከሌላው ጋር ተደባልቆ እዚህም እዚያም ይበቅላል። የዓምናው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ያለውን ክፉ ጊዜ የሚያሻግረን እሱ ነው። ከማለዳ እስከ ዙህር አዛን ማሳውን አሰስኩት። አንድም አልነበረም።

የሌላውን እሸት ጠብሼ አቀረብኩላቸው። ፈልፍለው ቃም አደረጉና አላመጡ።

“ይሄ እንግዳ ነው። የኛን ምን አደረግሽው፣ ኢንተላ ኮ?”

ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲከፋቸው ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል።

“የተጨማደደውን ለቅሜ ጣልኩት፣ አባ። የታመመ መስሎኝ።”

“ወተቱን በእሸትነቱ የሰጠ ሲደርቅ ምን ይሁን? ይጨማደዳላ! የኔንስ ጉንጭ ታመመ ብለሽ ለዶሮ ልትሰጪው ነው?”

ሳቁ። እኔ አልቻልኩም። ሳቃቸው ሲያልቅ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ “እናቴ ስትዳር ከቤቷ ያመጣችው ነበር” አሉ። ከዚያ በኋላ አላነሡብኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎረቤቶቻችን ዘሩን ከተዉት ቆይተዋል። ሰንበቴ ገበያ ወረድኩ። እህል ነጋዴው፣ “ሱብሃነላህ! የተጨማደደ ማሽላ ፍለጋ ገበያ የመጣ ሰው አየሁ” ብሎ ሳቀብኝ፤ ከዚያ ግን አዘነልኝ። “እሱ ለልጅ ለሽማግሌ አፍ ነው እንጂ ለገበያ አይወጣም። አሮጊት ያለችበት ቤት ጠይቂ፣ እህቴ።”

እየጠየቅሁ፣ በጥር ወር ከጨፋ ሮቢት በላይ ተረተሩ ላይ አንዲት ባልቴት ቤት ደረስኩ። “አካም ቡልቴ”፣ እንዴት አደርሽ፣ ብለው ተቀበሉኝ። ከምድጃቸው በላይ አንዲት የወተት በጉንጬ ራስ ተንጠልጥላለች። የሠራሁትን ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

“አንቺ ዘር የጠፋብሽ አይደለሽም፤ የጣልሽ ነሽ” አሉ። “ሙሉዋን አልሰጥሽም።” በሦስት ጣታቸው ቆንጥረው መሃረቤ ላይ አደረጉልኝ። “ቢበቅልም ባይበቅልም መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።”

በሚያዝያ የመጀመሪያውን ዝናብ አምኜ ዘራሁት። ዝናቡ ቀረ፤ ብቅ ያለው ሁሉ ጠወለገ። ዘግይተው የበቀሉ አራት አገዶች ብቻ ተረፉኝ። የሁለቱን ፍሬ ወፍ አራገፈው። ወተት ሲቋጥሩ አባቴን እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸውና አንዷን ራስ አስዳሰስኳቸው።

“እሱ ነው፣ አባ?”

“ሳልቀምሰው እንዴት አውቃለሁ?”

“እንግዲያው ልጥበስልዎት። ሌላዋ ለዘር ትበቃለች።”

“ስንት ራስ ነው ያለሽ?”

“ሁለት።”

“የቀረችውን ወፍ ቢበላብሽስ? አይሆንም፣ ሁለቱም ይድረቁ። ለከርሞ ቀምሼ እነግርሻለሁ፣ ኢንሻአላህ።”

እስከ ኅዳር ሁለቱን ራሶች በጨርቅ ሸፍኜ ጠበቅሁ። አባቴ በጥር አረፉ።

በተከታዩ ዓመት ማሳው መሃል ብዙ በቀለ። ባልቴቷ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች እንደ ወጉ እየሰበሩ በሉ፤ ማሻአላህ አሉ፤ አልከለከልኳቸውም። እኔም ጠብሼ ቀመስኩ። ይጣፍጣል። አባቴ ያደጉበት ጣዕም ይሁን አይሁን ግን አላውቅም፤ በልጅነቴ እየሮጥኩ ነበር የምበላው።

ዘሩን ስቋጥር ስሙን በወረቀት ጻፍኩበት። ጥቂት አሰብኩና ከስሙ በፊት “ምናልባት” የሚል ጨመርኩ።