የእናቴ ቀማሽ ሳለሁ

«ጨዉን ማን ነው የጨመረው?» ብላ የጠየቀችኝ የእናቴ ማዳም ናት፤ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ መልሱን እያወቅኩ ዝም አልኩ። ሰሞኑን ሐኪም እማዬን ጨው ከለከላትና፣ እዚህ ዐረብ አገር ናባዓ ሰፈር ባለችው አንድ ክፍላችን ምስሩ ላይ ሎሚ ጨምቄ ሱማቅ የሚሉትን ቀይ ቅመም ስነሰንስበት ያ ጎምዛዛ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ የያኔው ንዴቴ ትኩሱን ተመለሰ።

እማዬ በቤት ሠራተኝነት የምትሠራው ደክዋኔ የሚባል ሰፈር ነበር፣ ትምህርት በሌለኝ ቀን እኔንም ይዛኝ ትሄዳለች። ማዳም ደም ግፊት ስላለባት ወጥ ቤቱ ውስጥ ጨው የሚባል ነገር አይገባም፤ እማዬ ዶሮውን በነጭ ሽንኩርትና በናዕና ቅጠል እያሸች ጣዕም ልታወጣለት ትታገላለች። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ጾመኛ ናትና የፍስክ ነገር ምላሷን አታስነካም፣ ስለዚህ ቀማሿ እኔ ሆንኩ። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቆሜ አፌን እከፍታለሁ፣ በማንኪያ ጠብ ታደርግልኝና «እህ፣ የኔ ሼፍ?» ትለኛለች፤ እኔም ዐይኔን ጨፍኜ፣ እንደ ትልቅ ሰው አሰብ አድርጌ፣ «ሎሚ ያንሰዋል» እላለሁ። ዲግሪ ይዤም እንደዚያ የተከበርኩበት ሥራ እስካሁን አላገኘሁም።

ማዳም ግን በረንዳው ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ የከቢስ ብርኒ ደብቃ ነበር፣ ያኒ በጨው ውሃ የተዘፈዘፈ ኪያር። አንድ ቀን ኪያሩን ጨርሳ ውሃውን ከብርኒው ስትጨልጠው ደረስኩባት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቸኮሌት ሰጠችኝ፣ በላሁት።

ፋሲካ ሳይደርስ የማዳም ግፊት ወጣ። ልጇ መጥቶ እማዬን ፊቱ አቁሞ «እናቴን ልትገድያት ነው?» አላት።

«ወላሂ፣ ቅንጣት ጨው አልነካሁም። ልጄ ናት የቀመሰችው፣ ጠይቋት» አለች እማዬ።

ማዳም ያኔ ነው ወደ እኔ ዞራ የጠየቀችኝ። ዐይኗን አየሁ፣ ከዚያ ወለሉን። ኸላስ፣ በቃ፣ ዕቃችሁን ያዙ ተባልን። በዚያ ሰፈር ማዳሟን የመረዘች ተብላ የሚቀጥራት ጠፋ፣ ዓመታት የሕንፃ ደረጃ ጠረገች። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ዘርግታ «ቅመሽልኝ» ብላኝ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት ያ የማዳም ልጅ ደወለ። እናቱ የማንንም ምግብ አልበላ ብላለች፣ ያለ ጨው እንደ እማዬ የሚያጣፍጥ የለም፣ ትምጣልን አለ። እማዬ ደስ ብሏት የክት ልብሷን ለበሰች፤ እኔ ተከተልኳት። ማዳም ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ለብሳ ተቀምጣለች፣ ልጆቿ ዙሪያዋን።

«ያለፈው አለፈ» አላት ልጅየው፣ እማዬ ሳትቀመጥ። «ማማ ይቅር ብላሻለች።»

እማዬ አንገቷን ደፍታ ልታመሰግን ስትል ክንዷን ያዝኳት።

«ማዳም» አልኩ፣ «ያን ቀን ፈርቼሽ ነው ዝም ያልኩት። እናቴ የሠራችው ውስጥ ጨው አልነበረም፣ በምላሴ አውቃለሁ። ጨዉን በረንዳ ተደብቀሽ የጠጣሽው አንቺ ነሽ።»