የጳጉሜን ስድስት እርማት

ከሚሴ ላይ ፓይተን የሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ እማራለሁ የምትል ሴት ለሰው ሥራ ፈት ነው የምትመስለው። የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ ኮድ የተማርኩት ግን በራሴ፣ መብራት ሲኖር በላፕቶፕ፣ ሲጠፋ በስልኬ እያነበብኩ ነው። ክላስ የሚባለው ነገር የገባኝ ቀን ቤት ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። «ተማሪ» ማለት ምን ምን ያለው እንደሆነ አንዴ ትጽፊያለሽ፤ ከዚያ የፈለግሽውን ያህል ተማሪ ታወጪበታለሽ፣ እያንዳንዱን በራሱ ስም፣ በራሱ የልደት ቀን። በዚሁ ለትምህርት ቤታችን የምዝገባ ፕሮግራም ሠራሁ።

ዘንድሮ አንድ የጨፋ ገበሬ ልጁን አንደኛ ክፍል ሊያስመዘግብ መጣ። የተወለደችው ጳጉሜን ስድስት ነው። ፕሮግራሜ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለ። ሰውየው ፈገግ ብሎ፣ «እንግዲህ ልጄ አልተወለደችም ማለት ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ። አምስት ብዬ ላልፈው እችል ነበር፤ እልህ ያዘኝ። ልጅቷ ክፍል ትግባ፣ በልደቷ እስክመዘግባት ታገሡኝ አልኩት።

ኮዴን ሳገላብጥ ጥፋቱ የኔ አልነበረም። ቀን የሚያሰላልኝ ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነፃ የለቀቁት ላይብረሪ የሚባል የኮድ ስብስብ ነው። ፓይተንን የምወደው ለዚህ ነው፤ ሆዱን ከፍተሽ ብታይ የሚከለክልሽ የለም። ከፈትኩት። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆንበትን ዓመት በአንድ ስተውታል። አርሜ ላኩላቸው። ከላኩ በኋላ ፈራሁ። ማን ነሽ ቢሉኝስ? ከመለሱብኝ ዳግመኛ ለማንም ኮድ እንደማልልክ አውቀው ነበር።

ምግብ አልወርድ ሲለኝ እማዬ ምን ሆነሽ አለችኝ። «ውጭ አገር የላኩትን እየመረመሩት ነው» አልኳት። አፌን በቆረጠው። ጁምዓ ከሰላት በኋላ ቤት ስገባ የሰፈሩ ጀመዓ ሞልቶ ተቀምጧል፤ እማዬ ቪዛ መስሏት ዱዓ አሰናድታልኛለች። ዱዓ የሚመሩት ሽማግሌ በአማርኛም በኦሮምኛም መንገዴን ያቀናሉ።

«ኧረ አባባ፣ የትም አልሄድም» ብዬ፣ እያፈርኩ ነገሩን አስረዳሁ።

«ደሞዝ አለው?» አለች ጎረቤታችን።

«የለውም።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለፈለገ ሁሉ።»

«ይህን ሁሉ የከሳሽው በነፃ ለመስጠት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ሽማግሌው ግን እጃቸውን እንደገና ዘረጉ። «ሰደቃ ነው እኮ፤ እንዲህ አትይም? ያ አላህ፣ የሰጠችውን ተቀበላት። ረቢ ሲ ሃ ገርጋሩ፣ ጌታ ይርዳሽ።» አሚን አልን፤ ከሁሉም ጮክ ያልኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ መልስ መጣ። ማን ነሽ የሚል የለበትም። እርማቱ ልክ መሆኑን የሚፈትሽ ኮድ ጨምሪበት ይላል፤ ሌላ ሰው ወደፊት ላይብረሪውን ሲነካካ መልሶ እንዳያበላሸው። መፈተሻ የሚሆን የትኛውን ቀን ልስጣቸው? የልጅቷን ልደት ጻፍኩ። ከእንግዲህ ያንን ኮድ የሚቀይር ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ የሷ ቀን መኖሩን ሳያረጋግጥ አያልፍም።

አዲሱ ቨርዥን ሲለቀቅ እንደማንኛውም ሰው አፕዴት አደረግኩ። ኢንተርኔቱ እየተንቀራፈፈ የራሴን እርማት አወረደልኝ። ልጅቷን በልደቷ መዘገብኳት፤ እሺ አለ።

ቤት ስደርስ እማዬ ገና ከበሩ፣ «ተቀበሉሽ?» አለችኝ። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ።