ለአራሷ የሰጠነው የመጀመሪያ ጀሪካን

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ውኃ በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እኛ ሰፈር ደግሞ ውኃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ፣ ሲከፋም በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ተራውን ጠብቆ ይታደስብኛል ማለት ነው።

ጎንደር አራዳ፣ ጣሊያን በሠራው አሮጌ ግቢ ውስጥ አምስት አባወራ ሆነን እንኖራለን። ቧንቧችን አንድ ነው፤ ቁልፉን የምይዘው እኔ ነኝ። ማን ሾመሽ ብትሉኝ መልስ የለኝም። የጀሪካን ጭቅጭቅ የሚችል ሰው ጠፋና እኔው ላይ ቀረ፣ ይኸው ስንት ዘመኔ።

ውኃ ሲመጣ ሁሉም እኔ ልቅደም ይላል። እኔ ግን አንድ ሕግ አውጥቼ ነበር፤ በግቢው አራስ ካለች የመጀመሪያው ጀሪካን የእሷ ነው። በዚህ ማንም አጉረምርሞ አያውቅም። የሌላው ሰፈር ቧንቧ መጀመሪያ ዝገት ነው የሚተፋው፤ የእኛ ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ ኩልል ያለ ነበር። እንኮራበት ነበር እንዲያውም። ጠብ የምትል አናፈስስም።

ያን ጊዜ አራሳችን ትርንጎ ነበረች። ከአምባ ጊዮርጊስ መጥታ አንዲት ክፍል የተከራየች ልጅ ናት፤ ባሏ ሹፌር ስለሆነ ቤት አይገኝም። ጡቷ አልበቃ ብሎ ሕፃኗን በዱቄት ወተት ነበር የምታሳድጋት። ዘመድ አጠገቧ የለም፤ እኔን «እትዬ» ብላ ይዛኛለች። ልጅቱ ዘጠኝ ወር ቢሞላትም የአራስነት ወጓን አላነሣሁባትም። አሳዘነችኝ።

በዚያ ሰሞን አሮጌ ቧንቧ የሚቀይሩ ሠራተኞች መጥተው ከመንገዱ እስከ ግቢያችን ድረስ ቆፈሩ። አለቃቸው አያ ደምሌ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ከጉድጓዱ የቧንቧ ቁራጭ አውጥተው አገላበጡና፣

«እስኪ ቁልፍሽን» አሉኝ።

በቁልፌ ጫፍ ሲፍቁት ጥቁሩ ተላጠና እንደ ብር አብለጨለጨ።

«እርሳስ ነው። ጣሊያን የቀበረው።»

«ሸጋ ነዋ! ይኸው ሳይዝግ ቆየን» አልሁ እኔ ሞኟ።

«አለመዛጉማ ነው ያታለላችሁ። እርሳስ መርዝ ነው፤ ትንሽ ትንሽ እያለ ውኃው ውስጥ ይገባል። ባይንም በምላስም አይታወቅም። ሕፃን ልጅ ላይ ነው የሚከፋው፣ አእምሮ ይጎዳል። በተለይ ቧንቧው ውስጥ ተኝቶ የሰነበተው ውኃ። መቼም የመጀመሪያውን ትደፉት ነበር?»

ዓይኔ ወደ ትርንጎ በር ሄደ።

«ምነው?» አሉኝ።

«ለአራስ ነበር የምንሰጠው፣ አያ።»

ቆባቸውን አወለቁ። «አላወቃችሁም እንግዲህ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እውነቱን ልናገር፣ ዝም ልል አስቤ ነበር። እሳቸው ነገ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳሉ፤ ጉድጓዱ ይደፈናል፤ ማን ያውቃል? ሁለት ቀን ከትርንጎ ዓይን ስሸሽ ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን ልብስ እያጠበች ሳለ አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋት።

«ሁልጊዜ የመጀመሪያው?» አለች።

«ሁልጊዜ።»

እጇን ሳታደርቅ ልጇን አንሥታ ገባች፤ በሩንም ዘጋች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ሐኪም ቤት አብረን ሄድን። መንገዱን ሙሉ ልጇን አዝላ ከፊቴ ቀድማ ሄደች። ሐኪሙ ይህን የሚያሳይ ምርመራ እዚህ እንደሌለ ነገረን። ልጅቱን አየት አየት አድርጎ፣ «ለጊዜው ደህና ትመስላለች። በደንብ ትብላ፣ ያንን ውኃ አታጠጧት፣ እያመጣችሁ አሳዩኝ። አፏን ስትፈታ፣ ስትራመድ እናያለን» አለ። እኔ ደግሞ «ደህና ናት» እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት።

አዲሱ የፕላስቲክ ቧንቧ ገብቶ ውኃ የመጣ ቀን እንደ ልማዴ የትርንጎን ጀሪካን ከፊት አስቀመጥሁ። ወዲያው ደንግጬ መለስሁት። የት እንደማስቀምጠው ግራ ገባኝ። ትርንጎ ልጇን አዝላ መጣችና አሮጌ ባልዲ ደቀነች። ሞላ፤ ደፋችው። ደግማ ሞላች፤ ደፋች።

«ኧረ በማርያም! ውኃ እንዲህ ይደፋል?» ብለው ጎረቤቶቹ ጮኹ።

ትርንጎ ባልዲውን አስቀምጣ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደች። ቁልፍ ያዥ ስለሆንሁ ሰው እንዳያማኝ ሁልጊዜ መጨረሻ የምቀዳው እኔ ነኝ። የእኔን ቢጫ ጀሪካን አንሥታ መጣችና ከቧንቧው ሥር አስቀመጠችው።

«ያንቺ ይቅደም፣ እትዬ» አለችኝ።

ቧንቧውን ይዤ ቆምሁ። 

ቁልፉ ዛሬም እኔ ዘንድ ነው። ደክሞኛል፤ የሚረከበኝ አጣሁ እንጂ። ልጅቱ ቆማ ሄዳለች፣ ተመስገን። አፏን ለመፍታት ግን ዘገየችብኝ። እናቷ «ልጅ እኮ ይለያያል፣ አትጨነቂ» ትለኛለች፤ እኔ ግን በየቀኑ አፍ አፏን ሳያት እውላለሁ። ባለፈው እሑድ ከደጄ ቆማ «ቲዬ!» ብላ ጠራችኝ። ግቢው ሁሉ ሳቀ። እኔ ቤቴ ገብቼ፣ በሬን ዘግቼ፣ አለቀስሁ።